የቴሌ አክሲዮን በ300 ብር፦ ድርጅቱ ጥሩ ነው፣ ዋጋውስ?

ወዳጆቼ፣ ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል። ግን የኪሳችሁን ገንዘብ የሚመለከት ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡት።

ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ እዚህ ገላን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም፣ ታክሲ ወረፋ ላይም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ "የቴሌን አክሲዮን እንዴት አየኸው?" የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ መሰለኝ ጥያቄው ወደ እኔ ይበዛል። ሽያጩ ካበቃ በኋላም አልቆመም። ያልገዛው "አመለጠኝ እንዴ?" ይላል። የገዛው ደግሞ "አሁን ስንት ያወጣል?" ይላል።

የኔ መልስ አጭር ነው። ድርጅቱ ጥሩ ድርጅት ነው። አንድ አክሲዮኑ 300 ብር ያወጣል የሚለው ግን ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ ናቸው፣ የኛ ሰው ግን አንድ ላይ ያምታታቸዋል። "ቴሌ እኮ አይከስርም!" ይሉኛል። እሺ፣ አይከስርም እንበል። የማይከስር ድርጅት አክሲዮን በውድ ከገዛችሁት እናንተ ትከስራላችሁ። ጥሩ ላም በእጥፍ ዋጋ ከገዛህ ላሟ ጥፋት የለባትም፣ ወተቷም አልቀነሰም፣ የተጎዳኸው አንተ ነህ።

እስቲ ቁጥሩን እንየው።

ለሽያጭ የቀረበው የድርጅቱ 10 በመቶ ነው። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ 300 ብር፣ በድምሩ 30 ቢሊዮን ብር። የአንዱ አክሲዮን የተጻፈበት ዋጋ 100 ብር ነው፤ 200 ብሩ በላዩ ላይ የተጨመረ ነው። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ማለትም 999,900 ብር ነበር። 10 በመቶው 30 ቢሊዮን ከሆነ ሙሉው ድርጅት 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። ይህን ግምት ያስቀመጠው ገበያ አይደለም፣ ሻጩ ወገን ነው።

ድርጅቱ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ፣ ወደ 22 ቢሊዮን ብር ገደማ ደግሞ ትርፍ አግኝቻለሁ ብሎ ነበር። ትርፉን ለአንድ ቢሊዮኑ አክሲዮን ስናካፍል ለአንድ አክሲዮን 22 ብር ይደርሳል። 22ን ለ300 ስታካፍሉት ከ7 በመቶ ትንሽ ይበልጣል።

ልብ በሉ፣ ይህ ድርጅቱ ሳንቲም ሳያስቀር ትርፉን በሙሉ ቢያከፋፍል ነው። እንዲህ የሚያደርግ የቴሌኮም ድርጅት ደግሞ ብዙም አይገኝም፤ አንቴና ይተክላል፣ ኔትወርክ ያሳድጋል፣ ዕዳ ይከፍላል። ግማሹን ቢያከፋፍል እንኳ በትንሹ የገዛ ሰው፣ 33 አክሲዮን ያለው ማለት ነው፣ በዓመት 363 ብር ይደርሰዋል። በወር 30 ብር። የኢንተርኔት ጥቅል እንኳ በወጉ አይገዛም።

አሁን ይህን ከሌላው ጋር አነጻጽሩት። በሽያጩ ጊዜ ባንክ ቁጠባ ላይ የምናገኘው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። የኑሮ ውድነቱ ያኔ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ አክሲዮኑ የሚያዋጣው ትርፉ በፍጥነት ካደገ ወይም የአክሲዮኑ ዋጋ ራሱ ከጨመረ ብቻ ነው። 300 ብር የከፈለ ሰው የከፈለው ለዛሬው ቴሌ አይደለም፣ ለነገው ቴሌ ነው።

"ነገማ ታየ እኮ!" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ የ2017 ሪፖርት ሲወጣ ገቢው 162 ቢሊዮን ብር ደርሷል ተባለ። ከ70 በመቶ በላይ ዕድገት። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን በመሀል ምን ተፈጠረ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። የ2016ቱን ገቢ በድሮው የባንክ ምንዛሪ ብትቀይሩት 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የ2017ቱን በአማካይ 120 ብር እንኳ ብናሰላው 1.35 ቢሊዮን ዶላር ነው። በብር አደገ፣ በዶላር ቀነሰ። አንዳንዱ "የድሮው ምንዛሪ እውነተኛ አልነበረም፣ በጥቁር ገበያው ብታሰላው አድጓል" ሊል ይችላል፤ ያስኬዳል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቴሌ መሣሪያውን የሚገዛው በዶላር ነው፣ የውጭ ዕዳውንም የሚከፍለው በዶላር ነው። ስለዚህ በብር ያደገ ገቢ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለባለአክሲዮን ወሳኙ ከወጪና ከዕዳ በኋላ የሚተርፈው ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የዋጋ ጥርጣሬ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት የፌስቡክ ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 2012 ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። ዋጋው 38 ዶላር ነበር። ሙሉው ድርጅት 104 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ያኔ ያለፈው ዓመት ትርፉ አንድ ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፣ ማለትም በዚያ ትርፍ ዋጋውን ለመመለስ መቶ ዓመት ይፈልጋል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ተጠቃሚው ብዛት ነበር፦ 900 ሚሊዮን ሰው! ጥቂት ሰዎች ግን "እሺ፣ 900 ሚሊዮን ሰው ገባ፣ ከእያንዳንዱ ስንት ብር ታገኛላችሁ?" ብለው ጠየቁ። በተለይ ሰው ከኮምፒውተር ወደ ስልክ እየዞረ ነበር፣ ፌስቡክ ደግሞ በስልክ ላይ ከማስታወቂያ የሚያገኘው ገቢ ከምንም የማይቆጠር ነበር። በአራት ወር ውስጥ አክሲዮኑ ከ18 ዶላር በታች ወረደ። ከግማሽ በላይ ተነነ ማለት ነው።

ከዚያስ? በስልክ ማስታወቂያ መሸጥ ቻሉበት። እ.ኤ.አ. በ2013 ነሐሴ አካባቢ ዋጋው ወደ 38 ዶላር ተመለሰ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከማስታወቂያ ገቢያቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከስልክ መጣ። የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ግን ሁሉም እንደ ፌስቡክ አልሆነም። የስናፕቻት ባለቤት ስናፕ እ.ኤ.አ. በ2017 መጋቢት በ17 ዶላር ሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ከ6 ዶላር በታች ወረደ። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2013 በ26 ዶላር ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን ከ44 ዶላር በላይ ዘጋ፣ ከሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ከ15 ዶላር በታች ተሸጠ። ሦስቱም ስማቸው ገናና ነው፣ ሦስቱም ብዙ ሚሊዮን ተጠቃሚ አላቸው። የተጠቃሚ ብዛት ዋጋ አልሆነላቸውም። ዋጋ የሚሆነው ከተጠቃሚው የሚገኘው ገንዘብ ነው።

የኛም ሰው ሲከራከር "ቴሌ እኮ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው፣ ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ!" ይላል። ጥሩ። የ2016ቱን ገቢ ለያኔው 78 ሚሊዮን ደንበኛ አካፍሉት፦ በዓመት 1,200 ብር፣ በወር 100 ብር ገደማ ለአንድ ደንበኛ። እንግዲህ ዋጋው እንዲያድግ ከተፈለገ ወይ ደንበኛው መጨመር አለበት፣ ወይ እያንዳንዱ ደንበኛ ተጨማሪ መክፈል አለበት። ደንበኛው ማነው? እኔና እናንተ። ጥቅል ሲወደድ የምንጮኸው እኛ ነን፣ የትርፍ ድርሻ አነሰ ብለን የምንጮኸውም እኛው ልንሆን ነው። ባለአክሲዮን ስትሆኑ የታሪፍ ጭማሪ ጥሩ ዜና ይሆንባችኋል። ይህን ገና ያልተረዳ ገዢ ብዙ ነው።

ከአሜሪካ ይልቅ የሚቀርበን ምሳሌ ደግሞ ኬንያ ነው። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የሳፋሪኮምን 25 በመቶ ለሕዝብ ሸጠ፣ አንዱን በ5 ሽልንግ። ሕዝቡ ተራኮተ። ከባንክ ተበድሮ የገዛ ብዙ ነበር። የቀረበው ለጠያቂው አልበቃም። ሙሉው ድርጅት 200 ቢሊዮን ሽልንግ ተገምቶ ነበር፣ የዓመት ትርፉ ደግሞ ወደ 14 ቢሊዮን ገደማ ነበር። አስተውሉ፣ በትርፉ ልክ ሲታይ ከኛው ቴሌ ግምት ጋር ይቀራረባል። እናስ? ገበያ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ጨመረ፣ ከዚያ ዓመት ሳይሞላው ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ድርጅቱ አልከሰረም፣ እያተረፈ ነው የወረደው! ለዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሽልንግ በታች ቆየ። ኤምፔሳ ሥር ሰድዶ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ግን ተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ደርሶ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ያተረፈው መጠበቅ የቻለው ነው። ተበድሮ የገዛው ግን ብድሩ ሲደርስበት በ3 ሽልንግ ሸጦ ወጣ። ሁለቱም የገዙት አንድ ዓይነት አክሲዮን ነው።

ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ። እኛ አካባቢ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከቃሊቲ እስከ ዱከም መንገዱን ግራና ቀኝ የያዙት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ያረፉት በገበሬ መሬት ላይ ነው። መሬቱ ሲሄድ ካሳ ተከፍሏል። ያ ካሳ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ትልቅ ገንዘብ ነው። አንድ አባት፣ ልጃቸውን አስተምሬዋለሁ፣ አንድ ቀን አስቁመው "መምህር፣ አንተ ቁጥር ታውቃለህ፣ የቀረችኝን ካሳ ቴሌ ውስጥ ልክተታት ወይ?" አሉኝ። "ለመቼ ነው የሚፈልጉት አባባ?" አልኳቸው። "ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን መጨረስ አለብኝ" አሉ። "እንግዲያው አይክተቱት" አልኳቸው። ቴሌ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ክረምት ሲወጣ የሚፈለግ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ አይገባም። ልሽጠው ሲሉ በስንት እንደሚሸጥላቸው፣ ማን እንደሚገዛቸው ሊነግራቸው የሚችል ሰው አልነበረም።

ዋናው ነጥቤም እዚህ ላይ ነው። አክሲዮኑ መሸጥ ሲጀምር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። የተመረቀው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የአክሲዮን መገበያያ ነበረን፣ ደርግ ሲመጣ ተዘጋ። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የአክሲዮን ዋጋ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ያላየ ሕዝብ ነን። አባቶቻችንም እኛም አክሲዮን ስንል የምናውቀው የባንክ ነው፦ ገዝተህ ታስቀምጣለህ፣ በዓመት አንዴ የትርፍ ድርሻ ትቀበላለህ፣ መሸጥ ስትፈልግ ሰው ፈልገህ ተደራድረህ ነው። በግልጽ ገበያ ብዙ ሰው በየዕለቱ ሲገዛና ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ እስኪታይ ድረስ 300 ብር የሻጭ ቃል ነው። ገዝተህ መሸጥ ካልቻልክ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነው ነገሩ።

ሕዝቡም የራሱን መልስ የሰጠ ይመስለኛል። ሽያጩ ታህሳስ 25 ሊያበቃ የነበረው እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። ተራዝሞም የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ነው። የገዙት 47,377 ሰዎች ናቸው። ከቀረበው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ማለት ነው። 10 በመቶ ለመሸጥ ታስቦ የተሸጠው የድርጅቱ 1 በመቶ አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። አልተሸጠም ማለት ተወደደ ማለት ብቻ አይደለም። ገንዘብ የሌለው ብዙ ነው፤ 9,900 ብር ያኔ ለብዙ መምህር ከወር ደመወዙ በላይ ነበር። ባለሀብቱ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ እንዳይገዛ ተገድቧል። የውጭ ዜጋ አይገዛም። ብዙ ሰው አክሲዮን ምን እንደሆነ አያውቅም። እነዚህ ሁሉ ምክንያት ናቸው። ግን ደግሞ አማካይ ገዢው 67 ሺህ ብር ገደማ ነው ያወጣው። ገንዘብ ያለው፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ በጥንቃቄ ነው የገባው። ከዚያ በፊትም የፈረንሳዩ ኦሬንጅ ከመንግሥት ትልቅ ድርሻ ለመግዛት ሲያይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ራሱን አግልሏል። ቴሌኮምን ሥራዬ ብሎ የያዘ ድርጅት አይቶ ሲመለስ፣ የገላን መምህር ቆም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሌላው የማይወራለት ነገር የድምፅ ጉዳይ ነው። ፌስቡክም ገበያ ሲወጣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድምፅ ማርክ ዙከርበርግ እጅ ነበር፣ ያኔም ሰው አጉረምርሟል። የኛ ደግሞ 99 በመቶው አካባቢ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል የመንግሥት ነው። ሁሉም ተሸጦ ቢሆን እንኳ 90 በመቶው የመንግሥት ነበር። መንግሥት ታሪፍ ዝቅ በል፣ እዚህ ገጠር አንቴና ትከል፣ ይህን ፕሮጀክት ደግፍ ቢለው ቴሌ እምቢ አይልም። ለአገር ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እኔም እንደ ዜጋ እደግፈዋለሁ። ግን ወጪው ከባለአክሲዮኑም ኪስ ይወጣል። 47 ሺህ ሰዎች ተሰብስበው እጃቸውን ቢያወጡ እንኳ ድምፃቸው 1 በመቶ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ግምቱ ይብራራልን። በሽያጩ ጊዜ የወጣው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ለባለሙያ የተጻፈ ነው። 300 ብር የተባለው በየትኛው ስሌት ነው? ነገ ትርፉ በስንት ያድጋል ተብሎ ነው? ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 850 ሚሊዮን ዶላር ለፈቃድ ከፍሎ የገባበት ገበያ ውስጥ ድርሻው ስንት ይሆናል ተብሎ ነው? አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሚገባው አማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎችም ይጻፍ። የገዛው ሰው እኮ በስልኩ ነው የገዛው፣ በስልኩ ይድረሰው።

ሁለተኛ፣ ቴሌ ለባለአክሲዮን ሪፖርት ሲያደርግ የደንበኛ ቁጥር ብቻ አይደርድር። በየሩብ ዓመቱ የተጣራ ትርፍ፣ የውጭ ዕዳ፣ ከትርፉ ስንት በመቶ እንደሚከፋፈል ይንገረን። ቴሌብር ለብቻው ስንት እንዳስገባ ይታወቅ። ኬንያ ውስጥ አክሲዮኑን ያነሳው ኤምፔሳ ከሆነ፣ የኛንም የሚያነሳው ወይም የሚጥለው ቴሌብር ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ይህን የማስከበር ሥራ የሱ ነው፤ ሻጩ መንግሥት ስለሆነ ብሎ ዓይኑን እንዳይጨፍን።

ሦስተኛው ለኛ ለራሳችን ነው። የገዛችሁ፣ አትደንግጡ። የገዛችሁት እውነተኛ ድርጅት ነው፣ እንደ ፒራሚድ ጨዋታው በአንድ ሌሊት የሚሰወር አይደለም። ዋጋው በገበያ ቢወርድ እንኳ የሳፋሪኮምን ታሪክ አስታውሱ። ለዓመታት ካላስፈለጋችሁ አስቀምጡት፣ ሰነዳችሁን በደንብ ያዙ፣ ለቤተሰባችሁም ንገሩ፤ ቴሌብር ውስጥ ያለ አክሲዮን ስልኩ ሲጠፋ የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልጋል። ያልገዛችሁ ደግሞ "አመለጠኝ" ብላችሁ አትቃጠሉ። ገበያ ካለ አክሲዮን አያመልጥም። ዋጋው ከወረደ በርካሽ ትገዛላችሁ፣ ከጨመረም ቢያንስ ብዙ ሰው መክፈል የፈለገው ዋጋ መሆኑን አውቃችሁ ትገዛላችሁ። ከዕቁብ አትውሰዱ፣ አትበደሩ፣ በሬ አትሽጡ። ለልጅ ትምህርት፣ ለቤት፣ ለሕክምና የተያዘ ገንዘብ እዚያ አይግባ።

"አገራዊ ድርጅታችን ነው፣ መደገፍ አለብን" የሚለውን አከብራለሁ። ግን ድጋፍ ስጦታ ነው፣ አክሲዮን ደግሞ ግዢ ነው። ስትገዙ ሒሳቡን መጠየቅ አገር አለመውደድ አይደለም። የካፒታል ገበያ የሚባለው ነገር እኮ የሚቆመው "ለምን ይሄን ያህል?" በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ዛሬ ቴሌ ላይ ካልጠየቅን ነገ ሌላው የመንግሥት ድርጅት ሲሸጥም፣ የግል ባንኩ ሲመጣም አንጠይቅም።

ስሌቴ ላይ የማትስማሙበት ካለ ቁጥሩን አስቀምጡና ኮመንት ላይ እንከራከር። ስድብ ግን አልቀበልም። የካሳ ወይም የዕቁብ ገንዘብ ይዞ የሚያመነታ ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት።

ቸር እንሰንብት።